ቡቺ ሣሩን ለምን ይቆፍራል? ምንስ ይደረግ?

በከተማ ውስጥ ትንሽ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮች እንዲኖሩት ይፈልጋል። አንዱ አረንጓዴ ሣር ነው፤ ሌላው ውሻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ግን ቀላል አይደለም። ሣሩ በስንት ወጪና በስንት ውኃ ተተክሎ ገና ሥር መያዝ ሲጀምር ውሻው በአንድ ሌሊት አምስት ስድስት ቦታ ቆፍሮት ያድራል። ጠዋት ባለቤቱ ሲወጣ የሚያየው የአፈር ክምር ነው። ከዚያ ዱላ ይነሳል፣ ውሻው ይጮኻል፣ በማግስቱም እንደገና ቆፍሮ ይገኛል።

በትምህርት ክፍላችን ስለ ላም፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ብዙ እንማራለን። ውሻ ሲነሳ ግን ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ ስለ ጠባዩ እምብዛም አናወራም። ሰዎች ግን የእንስሳት ተማሪ መሆናችንን ሲሰሙ የሚጠይቁን ስለ ጠባይ ነው። “ውሻዬ ግቢውን ጨረሰው፣ ምን መድኃኒት አለው?” ይላሉ። መድኃኒት እንኳን የለውም። ምክንያት ግን አለው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መላ ይገኝለታል።

ነገሩ “የሣር ጉዳይ ነው” ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ቆፋሪ ውሻ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ አያምርም። ወይ ቀንም ማታም በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ወይ መኪና ላይ ተጭኖ ራቅ ያለ ሰፈር ይጣላል፣ ወይ ደግሞ መርዝ ይሰጠዋል። የተጣለው ውሻ ከጎዳና ውሾች ጋር ይቀላቀላል፤ ካልተከተበ ለራሱም ለሰፈሩ ልጆችም አደጋ ነው። በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ አንድን ውሻ ግቢው ውስጥ በሰላም እንዲኖር ማድረግ ከሣሩ በላይ የሆነ ጥቅም አለው ማለት ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ መቆፈር ለውሻ የተፈጥሮ ሥራው መሆኑ ነው። የውሻ ዘመዶች የሆኑት ተኩላና ቀበሮ ጉድጓድ ቆፍረው ይወልዳሉ፣ የተረፋቸውን ሥጋ ይቀብራሉ፣ ከመሬት ውስጥ አይጥና ፍልፈል ቆፍረው ያወጣሉ። ሩቅ ሳንሄድ የእኛው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ላይ ዋና ቀለቡ ትልቁ ፍልፈል ነው፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አድብቶ ይጠብቃል፣ ካስፈለገም ይቆፍራል። (በነገራችን ላይ ይኸው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በእብድ ውሻ በሽታ ክፉኛ ተጠቅቷል፤ በሽታው የመጣውም ከቤት ውሾች ነበር።) ሰውም በበኩሉ ይህን ጠባይ ለጥቅሙ ሲል አጎልብቶታል። ቴሪየር የሚባሉት የውሻ ዝርያዎች ስማቸው ራሱ መሬት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ የተዳቀሉትም ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ አውሬዎችን እያሳደዱ እንዲያወጡ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ገዝቶ “ለምን ቆፈረ” ማለት ድመት ገዝቶ “ለምን አይጥ ያዘች” እንደማለት ነው። የእኛ አበሻ ውሻ ደግሞ ማንም ለቁፋሮ ብሎ አላዳቀለውም፤ ሲቸግረው ወይም ሲሰለቸው ግን ከማንም አያንስም።

ታዲያ ባለቤቱ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ዱላ ማንሳት ሳይሆን ጉድጓዱን ማየት ነው። ጉድጓድ ይነበባል። የት ነው ያለው? ምን ያህል ይጠልቃል? አፈሩ ወዴት ተበትኗል? ተከፍቶ ነው የቀረው ወይስ ተመልሶ ተደፍኗል? ውሻው የቆፈረው ቀን ነው ወይስ ሌሊት?

ጉድጓዱ ጥላ ሥር፣ ግድግዳ ጥግ ወይም የውኃ ቧንቧ አጠገብ ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ስፋቱ ግን ውሻው ጥቅልል ብሎ የሚተኛበት ያህል ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም። ላብ የሚያመነጨው በአብዛኛው በመዳፉ ብቻ ስለሆነ የሰውነቱን ሙቀት የሚቀንሰው እያለከለከ ነው። ፀሐይ ሲበረታበት ከላይ ያለውን ደረቅ አፈር ገልጦ ቀዝቃዛውንና እርጥቡን አፈር በሆዱ ይነካል። በተለይ ፀጉራም የሆኑት፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድና ቅልቅሎቹ፣ ይህን በጣም ያደርጋሉ። የቆርቆሮ የውሻ ቤት እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ እጁን አስገብቶ ይሞክረው። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል፦ ጥላ ማበጀት፣ ንጹሕ ውኃ በማይገለበጥ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የውሻ ቤቱን ከፀሐይ ማራቅ ወይም ጣራውን በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን። ይህ ብቻ ሆኖ ቁፋሮው የሚቆምበት ጊዜ አለ።

ጉድጓዱ አነስ ያለ ሆኖ ተመልሶ በአፈር የተደፈነ፣ በላዩም ላይ የአፍንጫ ገፋ ገፋ ምልክት ያለበት ከሆነ ደግሞ ውሻው የሆነ ነገር ቀብሯል። ውሻ የሚቆፍረው በፊት እግሮቹ ሲሆን አፈሩን መልሶ የሚያለብሰው ግን በአፍንጫው እየገፋ ነው። ይህ ከበዓል በኋላ የሚበዛ ጣጣ ነው። ለሁለት ወር ያህል በጾም ምክንያት ከቤቱ ሥጋ የሚባል ያልደረሰው ውሻ ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ቀን በልቶ የማይጨርሰው አጥንት ይወረወርለታል። የተረፈውን ምን ያድርገው? ለክፉ ቀን ይቀብረዋል፤ ሲቀብርም ለስላሳ የሆነውንና በቅርቡ የተተከለውን ሣር ይመርጣል። ስለሆነም አጥንት በልክና በአንድ የታወቀ ቦታ ይሰጥ፤ ውሻው ታኝኮ ሲበቃው ቀሪው ይነሳ። ሲነሳበት እንዳይናከስ በምትኩ ቁራሽ ነገር መስጠት ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ከሙያችን ጋር የሚገናኘው ነገር ይኸው ነው። በብዙ ግቢ በግ ሲታረድ ፈርሱም፣ የሚጣለው ሳንባም፣ ጉበቱ ላይ “ውኃ የቋጠረ” ተብሎ የተቆረጠው ክፍልም ጓሮ ውስጥ ይቀበራል። አንዳንዴም “ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል” ተብሎ ሣሩ ሥር ይቀበራል። ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ አይጠልቅም። ውሻው በዚያው ሌሊት ያወጣዋል። ያ ውኃ የቋጠረው ነገር የኢካይኖኮከስ ግራኑሎሰስ እጭ ሊሆን ይችላል። ውሻው ሲበላው እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርዝመት ያላቸው ትሎች ሆነው ያድጋሉ፤ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው የታመመ አይመስልም፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል። እንቁላሉ ግን ሣሩ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ ይቀራል። በሰው አፍ ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ያው ውኃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶም ለቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። ስለዚህ “ውሻው ጓሮውን ቆፍሮ ፈርስ አወጣ” ሲባል ጥፋተኛው ውሻው አይደለም።

የሚጣለው የሆድ ዕቃ ወይ በደንብ ይቃጠል፣ ወይ ጠልቆ ተቀብሮ በላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ ይደረግበት። ለውሻ የሚሰጥ ከሆነም ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀል። ውሻው በየጊዜው የኮሶ ትል መድኃኒት፣ ማለትም ፕራዚኳንቴል፣ እንዲወስድ ማድረግም ያስፈልጋል። አዲስ ሣር ሲተከል የአጥንት ዱቄት፣ የደም ዱቄት ወይም ያልበሰለ ፍግ መነስነስም ውሻን “ና ቆፍር” ብሎ እንደመጋበዝ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሻላል፤ ሽታው ቀንሷልና።

በመስመር የሄደ፣ እዚህም እዚያም ብቅ እያለ አንድ አቅጣጫ የተከተለ ቁፋሮ ከሆነ ሣሩ ውስጥ ፍልፈል መኖሩን እንጠርጥር። አጠገቡም ፍልፈሉ የገፋው የአፈር ቁልል ይታያል። በደጋው አካባቢ ባሉ ግቢዎች ይህ የተለመደ ነው። ውሻው ከመሬት ሥር ድምፁንም ሽታውንም ስለሚሰማ ልታስቆመው አትችልም፤ ማስቆም የሚቻለው ፍልፈሉን ነው። በዚህ ጊዜ ግን ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየሱቁ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ፣ ለምሳሌ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ውሻው ማጥመጃውን ቆፍሮ ከበላው፣ ወይም የሞተውን ፍልፈል ከነሆድ ዕቃው ከዋጠው እሱም ሊመረዝ ይችላል። ቆፋሪ ውሻ ባለበት ግቢ የፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ መርዝ መክተት ማለት መርዙን ለውሻው ማስቀመጥ ማለት ነው። ወጥመድ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውሻው ታስሮ ባለበት ሰዓት ነው መጠመድ ያለበት።

አጥር ሥር ብቻ የሚቆፍር ውሻ መውጣት ነው የፈለገው። ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ በአካባቢው ወንድ የምትፈልግ ሴት ካለች ሽታዋ ከሩቅ ይደርሰዋል፤ በዚያን ጊዜ ቆርቆሮ አጥር አይበግረውም፣ በሥሩ ይሄዳል። ማኮላሸት በአብዛኞቹ ወንድ ውሾች ላይ ይህን የመኮብለል ጠባይ ይቀንሰዋል። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ርችት፣ ነጎድጓድ፣ ከጎረቤት የሚሰማ የግንባታ ድምፅ። እስኪስተካከል ድረስ ከአጥሩ ግርጌ ጋር የወንፊት ሽቦ አያይዞ ወደ ግቢው ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል በመሬቱ ላይ ዘርግቶ በአፈር መሸፈን ወይም ትልልቅ ድንጋይ መደርደር ይጠቅማል። የሽቦው ስል ጫፍ ወደ ታች መታጠፍ አለበት፤ አለበለዚያ መዳፉን ይቆርጠዋል።

ሴት ውሻ ከሆነች እርጉዝ መሆኗን እንጠይቅ። እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ሲሆን ወደ መጨረሻው የምትወልድበትን ቦታ ማዘጋጀት ትጀምራለች። ደረቅ፣ ጨለም ያለና ሰው የማያበዛበት የመውለጃ ሳጥን ከተዘጋጀላት ሣሩን ትተዋለች። ሳትፀንስ የፀነሰች የሚመስላትም አለች፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይለቃታል።

ከላይ ከተጠቀሱት አንዱም የማይመስል፣ እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት የተቆፈረ፣ ሣሩ ተነቅሎ የተበተነ ከሆነ ግን ምክንያቱ ምን እንደሆነ አንድ የግቢ ዘበኛ ከእኔ ቀድሞ ነግሮኛል። አክስቴ ቢሾፍቱ ውስጥ ያለ ግቢዋን ሣር አስተክላ ነበር። ውሻዋ ቡቺ ጨረሰው። “ወይ ሣሩ ወይ ውሻው!” ብላ ቆርጣለች፤ የሚወስደው ሰው ካልተገኘ ምን ሊደረግ እንደታሰበ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ጉድጓዶቹን እያየሁ ስዞር ዘበኛውን “ጋሼ፣ መቼ ነው የሚቆፍረው?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ይሄ ውሻ ከጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ታስሮ ነው የሚውለው። ማታ ስፈታው ምን ይሥራ? ጋዜጣ ያንብብ?” አሉኝ።

እውነት ነው። በከተማችን የውሻ አያያዝ ልማድ ይኸው ነው፤ ቀን በሰንሰለት፣ ማታ በነፃ። ውሻው ሙሉ ቀን ተኝቶ ያጠራቀመውን ጉልበት ሌሊት ሲፈታ የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ግቢው ዝግ ነው፣ ሰው ተኝቷል፣ ሌባም በየቀኑ አይመጣም። ሣር ግን አለ። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ይሸታል፣ ሲቆፍሩት ትል ይወጣበታል። ስልቹነት ስንል ይህንን ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ይበልጥ አጥብቆ ማሰር ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ሰንሰለቱ በሚደርስበት ልክ ክብ አድርጎ መቆፈር ይጀምራል።

አክስቴ ጋ የተደረገው ቀላል ነበር። ዘበኛው ጠዋት ከማሰራቸው በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ማታም ከመፍታታቸው በፊት እንዲሁ በገመድ ይዘውት ይወጣሉ። እሳቸውም “እግሬም ተፍታታ” ብለዋል። ቀን የሚታሰርበት ሰንሰለት በረዥም ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት ተደረገ፤ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ቁርሱ በሣህን መሰጠቱ ቀርቶ የደረቀ ዳቦውና ፍርፋሪው አሮጌ ፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ በቀዳዳ ይገባለታል፤ ያንን እያንከባለለ ሲያራግፍ ግማሽ ጠዋት ያልፍለታል። ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን ጓሮ ውስጥ ከእንሰቱ አጠገብ የተሰጠው የራሱ ቦታ ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ቦታ አፈሩ ተኮትኩቶ አሸዋ ተቀላቀለበትና አጥንቱ እዚያ፣ እያየ፣ ተቀበረለት። ቆፍሮ ሲያወጣ “ጎበዝ!” ይባላል። ሣሩ ላይ ሲጀምር ደግሞ ሳይመታ ተጠርቶ ወደዚያ ይወሰዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሁለቱም ቦታ ቆፈረ፤ አክስቴም “አላልኳችሁም?” እያለች ነበር። ከዚያ በኋላ ወደራሱ ቦታ አደላ። ሙሉ በሙሉ ተወ ለማለት ግን አልደፍርም፤ በር አካባቢ ያለችውን አንዲት ጥግ እስካሁን አልለቀቀም፣ እዚያ ሣር መትከሉም ቀርቶ ጠጠር ተደርጎበታል።

ስለ ዱላ ጥቂት ልበል። ጠዋት ጉድጓድ አይቶ ውሻውን እየጎተቱ አፍንጫውን አፈር ውስጥ መድፈቅና መምታት በየግቢው የሚታይ ነው። ውሻ ግን አሁን የሚደርስበትን ነገር የሚያያይዘው አሁን ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው፤ ልዩነቱ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት የቆፈረውንና ጠዋት አንድ ሰዓት የደረሰበትን ዱላ አያገናኛቸውም። የሚማረው ነገር ቢኖር ጠዋት ባለቤቱ ሲወጣ አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው። “ኧረ ያውቃል! ጥፋቱን ስለሚያውቅ አይደል አንገቱን የሚደፋው?” የሚል ብዙ ነው። ይህንኑ ጥያቄ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት መርምራዋለች። አሥራ አራት ውሾች አትንኩ የተባሉትን ምግብ ሲበሉም ሳይበሉም ባለቤቶቻቸው እንዲቆጧቸው ወይም እንዳይቆጧቸው ተደረገ። አንገት መድፋቱና ዓይን መስበሩ የታየው ውሻው አጥፍቶ ስለነበር ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣ ነበር፤ ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው አንገታቸውን ደፉ። ስለዚህ ያ “የጥፋተኛ ፊት” የባለቤቱን ቁጣ ማንበብ ነው።

በየሰፈሩ የሚመከሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ሚጥሚጣ መጨመር የውሻውን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ እሱ ደግሞ ጎን ላይ ሌላ ይቆፍራል። ናፍታሊን ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ጭራሽ አይሞከርም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ውሻውን ያባርር ይሆናል፤ ሣሩንም አብሮ ይገድለዋል፣ ታዲያ ምን ተረፈ? ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው የራሱን የውሻውን ዓይነ ምድር ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሮ መድፈን ነው፤ ብዙ ውሾች ወደዚያ ቦታ አይመለሱም። ይህ የሚሠራው ግን ለዚያችው ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ትሉ በመድኃኒት ለጠራ ውሻም ብቻ ነው የሚመከረው፤ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ከሆነ ይቅር።

ለተቆፈረው ቦታ፣ ሰርዶ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ሰርዶ ከላይም ከሥርም እየተሳበ ስለሚሄድ በተለይ በክረምት ራሱ ይሸፍነዋል። ጉድጓዱን በአንድ ቀን ዝም ብሎ በልል አፈር መሙላት ግን ለውሻው አዲስ ለስላሳ ቦታ ማዘጋጀት ነው። አፈሩን በየንብርብሩ እያረጠቡ በእግር መጠቅጠቅ፣ ከዚያ የወንፊት ሽቦ ቁራጭ ጣት በማይሞላ ጥልቀት ላይ አንጥፎ ጫፎቹን ወደ ታች መቅበር፣ በላዩም ሰርዶውን ከነሥሩ መትከል ይሻላል። ሣሩ በሽቦው ቀዳዳ በኩል ሥር ይሰዳል፤ መዳፍ ግን አይገባም። ውኃ የሚጠጣው ማታ ሳይሆን ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ የረጠበ አፈር ሌሊት ለተፈታ ውሻ ትልቅ ፈተና ነውና። ሥሩ እስኪይዝ ሦስትና አራት ሳምንት ያህል በቦታው ላይ እሾኽ የሌለው ቅርንጫፍ ማልበስም ይቻላል።